አንገቷን ሳታዞር

ሸማ ተራ ውስጥ የገዢ ልብ የሚታወቀው በአንገቱ ነው። ፊት ይዋሻል። "ጥለቱ ደብዝዟል፣ ፈትሉም ወፍራም ነው" እያለች ነጠላውን የምታጣጥል ሴት በልቧ ለብሳው ጨርሳ ይሆናል። ዋጋ አልስማማ ብሏት ጥላ ስትወጣ ግን አንገቷን ማየት ነው። ጥቂት ሱቅ አልፋ ዞር ካለች ዝም በላት፤ በራሷ እግር ትመለሳለች። ሳትዞር ከሄደች የምሯን ነው፤ ከተቀመጥክበት ተነስተህ "ነይ እቱ፣ ነይ ውሰጂው!" ማለት ያለብህ ያኔ ነው። ይህን ያስተማረችኝ እናቴ አልጋነሽ ናት። ዛሬ ሱቁን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ስልክ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው በሚከራከሩት ላይ እንኳ ሕጉ አንድም ቀን አላሳፈረኝም።

እማዬ ታዲያ ይህን ሕግ አንድ ጊዜ ከመርካቶ አውጥታ፣ ተራራ ላይ፣ በገዛ ባሏ ላይ ሠርታበታለች። እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሁሉንም አይቻለሁ። የገባኝ ግን ሁሉም በግልባጩ ነበር።

አባቴ ደመቀ የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበር። ትልቅ ፊያት፣ ከነተሳቢው። ተክለ ሃይማኖት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ሰፈራችን፣ የዚያን መኪና ጡሩምባ የማያውቅ ልጅ አልነበረም። አባዬ ከመንገድ ሲመጣ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ ከኪሱ ደግሞ በጋዜጣ የተጠቀለለ ተምር ይወጣል። ስድስት ዓመት ሲሆነኝ መኪናው ቀረ። አባዬም ጠዋት ጠዋት ከእማዬ ጋር ሸማ ተራ እየወረደ ጋቢ ማጠፍ ጀመረ። እኔ ሰውዬው ያደገ ነው የመሰለኝ። ትናንት ሾፌር የነበረ ዛሬ ባለ ሱቅ ሆኗል፤ ከዚህ በላይ ምን ሹመት አለ? ትምህርት ቤትም እንደዚያ ብዬ አውርቼለታለሁ።

የነገሩ እውነት ይህ ነው። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለቱን ሲወርድ ፍሬን እምቢ አለው። መሪውን ወደ ተራራው በኩል ጠምዝዞ መኪናውን ከድንጋዩ ጋር አላተመው። እሱም ረዳቱም ተረፉ፤ ተሳቢው ግን ተበጥሶ ገደል ገባ። ከዚያን ቀን ወዲህ አባዬ የማንንም መኪና መሪ ነክቶ አያውቅም ነበር። ታክሲ ሲሳፈር እንኳ ጋቢና አይገባም። ለምን እንደተወው የሚጠይቀውን ሁሉ "ወገቤን ያመኛል" ይለዋል። ለእኔ የተነገረኝ መኪናው እንደተበላሸ ብቻ ነው።

ስምንት ዓመት በሆነኝ በኅዳር ወር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጎረቤታችን ጋሽ ጠሀ ወደ ሱቃችን ገቡ። ጋሽ ጠሀ ስልጤ ናቸው፤ ብርድ ልብስና አንሶላ በጅምላ ያከፋፍሉ ነበር። ወንበር ሲሰጣቸው እምቢ ብለው የጋቢ ጥቅል ላይ ቁጭ አሉ።

"ደመቀ፣ አይሱዙዋ ሰኞ ከጋራዥ ትወጣለች" አሉ። "ደሴና ኮምቦልቻ ዕቃ የሚያደርስልኝ ሾፌር እፈልጋለሁ።"

"ሾፌር ሞልቷል ጋሽ ጠሀ።"

"መሙላቱንስ ሞልቷል። እኔ የምፈልገው አንተን ነው።"

"ወገቤ እኮ..."

"ወላሂ ስለ ወገብህ አልጠየቅኩህም!" አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እስከ ሰኞ እጠብቅሃለሁ። ከዚያ ወዲያ ለሌላ ሰው መስጠቴ ነው፤ እንዳትቀየመኝ።"

ደረቴ ተነፋ። መርካቶ በሙሉ የሚያውቀውን ሀብታም ሰው አባቴ እያስለመነው! ጋሽ ጠሀን ከልቤ አዘንኩላቸው። የሚለምኑት ለራሳቸው ሳይሆን ለእሱ መሆኑን፣ ሾፌር እንደ አሸዋ በሞላበት ከተማ ያቺን አይሱዙ ለወራት ሾፌር ሳይቀጥሩላት ያቆዩት የጓደኛቸው ነገር አላስችላቸው ብሎ መሆኑን ያወቅኩት ትልቅ ከሆንኩ በኋላ ነው። እሳቸው ሲወጡ አባዬ ፊቱ የነበረውን ጋቢ አጠፈው። ፈታው። መልሶ አጠፈው። ሥራ የሚጠነቀቅ ሰው እንደዚህ ነው ብዬ አደነቅኩት።

እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ስትመለስ ጣቷ ላይ የመኪና ቁልፍ ይወዛወዛል።

"እምነት ተራራ አይታ አታውቅም" አለች ወደ እኔ እየጠቆመች። "ነገ ጣርማ በር ወስደን እናሳያት። ጋሽ ጠሀ ቮልሳቸውን አውሰውናል።"

"ማን ሊነዳ?" አለ አባዬ።

"እኔ እንደሆንኩ ከጋቢ በቀር የማውቀው የለኝ።"

እምቢ ሊል አፉን ሲከፍት እኔ እየጮህኩ እግሩ ላይ ተጠመጠምኩ። አንገቱን ደፍቶ አየኝ፤ አፉን መልሶ ዘጋው። እማዬ የልጇን ጩኸት ሁሉ አስባበት ነበር የመጣችው። በዚያን ቀን በአባቴ ላይ ከተጠመደው ወጥመድ አንዱ ገመድ እኔ ነበርኩ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ተነሳን። ቮልሱ ሰማያዊ ነው፤ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ እኔ የተቀመጥኩበት ወንበር እንደ ምጣድ ይሞቃል። አባዬ ከኮተቤ ጀምሮ ያፏጭ ነበር። ያን ያህል ደስ ሲለው አይቼው ስለማላውቅ እኔም ደስ አለኝ። አባዬ የሚያፏጨው ሲፈራ እንደሆነ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የመጀመሪያ ልጄን ልወልድ ምጥ ላይ ሆኜ ያን ፉጨት ከሆስፒታሉ ኮሪደር ስሰማው ነው።

ደስታችንን የምታበላሽብን እማዬ ነበረች። ሰንዳፋ ስንደርስ ውሃ ጠማት። ውሃ ጠጥታ ገና ጥቂት እንደሄድን "አቁም እስቲ፣ የሆነ ነገር ሸተተኝ" አለች፤ ወርደን ብናይ ምንም የለም። ሸኖ ላይ ቅቤ ልግዛ አለች። ወረደች፣ ቀመሰች፣ ከባለ ቅቤዋ ጋር ተከራከረች፣ ባዶ እጇን ተመለሰች። ደብረ ብርሃን ላይ እግሯ ደነዘዘ። እኔ ከኋላ ሆኜ ጥርሴን እነክሳለሁ። ምነው ቤት በቀረች፣ እኔና አባዬ ብቻችንን በሄድን!

አባዬ በቆምን ቁጥር መሀረቡን አውጥቶ መዳፉን ይጠርጋል። ሙቀት ነው ብዬ ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ፣ በኅዳር፣ ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ በሚሄድበት አገር፣ ምን ሙቀት አለ? እማዬ ከተማም ተራራም አላየችም በዚያ መንገድ። የምታየው እጁን ነበር። መሪውን አጥብቆ ይዞ የጣቶቹ አንጓ ሲነጣ እሷን ውሃ ይጠማታል፤ ደግሞ ሲነጣ እግሯ ይደነዝዛል። የእሱን ፍርሃት በሙሉ በራሷ ገላ አሳብባ ነው እዚያ ድረስ ያደረሰችው። እኔ ደግሞ ጨቅጫቃ ናት ብዬ ፈረድኩባት።

ከደብረ ብርሃን ወዲያ መንገዱ እየወጣ፣ አየሩ እየቀጠነ ሄደ። የታጨደ ገብስ፣ የድንጋይ ካብ፣ ፀጉራቸው መሬት የሚነካ በጎች። መንገድ ዳር ጭላዳዎች ተሰብስበው ሳር ይነጫሉ፤ አንዱ ወንድ ጎፈሩን ነፋ አድርጎ የፍርድ ቤት ዳኛ መስሎ አየን። ከበግ ፀጉር የተሠራ ቆብ የሚሸጡ ልጆች እየሮጡ ተከተሉን። ከዚያ ጉም መጣ። መጀመሪያ በስሱ፣ ቀጥሎ ቮልሱን ውጦ። ከጉሙ ውስጥ፣ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፈው የመንገዱ ዋሻ ጥቁር አፉን ከፍቶ ብቅ አለ።

አባዬ መኪናዋን ከመንገዱ ዳር አወጣና ሞተሩን አጠፋ። በዚህ ጊዜ እማዬ አቁም አላለችውም ነበር።

"በቃ፣ ደረስን" አለ። "እምነት፣ ተራራ ይኸውልሽ።"

"የሚታየው ከዋሻው ወዲያ ነው" አለች እማዬ።

"ወዲያም ጉም ነው አልጌ።"

"ጉም ይገፈፋል።"

"ልጅቷን ይበርዳታል። አይተናል፤ እንመለስ።"

እማዬ እጇን የበሩ መክፈቻ ላይ አደረገች። ቀጥላ፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ፣ ሱቅ ውስጥ ዋጋ ሳትስማማ ስትቀር በምታወጣው ድምፅ ተናገረች። "እሺ። አንተ ልጅህን ይዘህ ተመለስ። እኔ ደብረ ሲና ሠርኬ ጋ እወርዳለሁ።" ሠርኬ ታላቅ እህቷ ናት።

"በእግርሽ?"

"በእግሬ። የሚያሳፍረኝ ካገኘሁም በመኪና።"

"አብደሻል እንዴ?"

"እዚህ ድረስ ስላደረስከኝ እግዜር ይስጥልኝ" አለች፤ በሩን ከፍታ ወረደች፤ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ዋሻው መራመድ ጀመረች።

እኔ ከኋላ ወንበር ብድግ ብዬ በሁለቱ ወንበሮች መሀል አንገቴን አስገባሁ። አልደነገጥኩም። ሕጉን አውቀዋለሁና አንገቷን ማየት ጀመርኩ። አሁን ትዞራለች። ቆብ ሻጮቹን አለፈች። አሁን ትዞራለች። የዋሻው አፍ ጋ ደረሰች። ነጭ ነጠላዋ ጨለማው ውስጥ ገብቶ ደበዘዘ፤ ጠፋ። አልዞረችም።

እናቴ የምሯን ትታን ሄደች። ከዛሬ ጀምሮ እናት የለኝም፤ ደብረ ሲና ያለች አክስት ብቻ ነው ያለኝ። አንድ ከባድ መኪና ጡሩምባውን እየነፋ አልፎን እሷን ተከትሎ ዋሻው ውስጥ ሲገባ አባዬ ወንበሩ ላይ ዘለለ። ፉጨቱ ቆመ። ሁለት እጁ መሪው ላይ ነው፤ ቁልፉን ግን አይነካም።

"አባዬ፣ አልዞረችም እኮ!" ብዬ ጮህኩ። "ጥራት!"

"አይቻለሁ።"

"ካልጠራሃት አትመለስም! የምሯን ነው!"

አባዬ ወደ ኋላ ዞሮ አየኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ አፉ ግን ይስቃል። ሰው ሁለቱን በአንድ ፊት ላይ ሲያደርግ አይቼ ስለማላውቅ ይበልጥ ፈራሁ።

"እናትሽ እኮ" አለ፣ "እኔኑ ገበያ አወጣችኝ።"

ነገሩ ሁሉ ገብቶት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገቧ ተቀምጦ ያየው ዘዴ ነው፤ ስንቷን ገዢ እየጠራች ስታስመልስ አይቷል፤ ዕቃ ስትገዛም ጥላ እየሄደች ስንቱን ነጋዴ አስሩጣለች። እያወቀው ግን ሳይከተላት መቅረት አልቻለም። ቁልፉን አዞረው፤ ሞተሩ ከወንበሬ ሥር ተነሳ። የእማዬን ጋቢ ከራሴ በላይ ተከናንቤ ወንበሩ ላይ ተደፋሁ፤ ዋሻው የሚውጠን ስለመሰለኝ ማየት አልፈለግኩም። የሞተሩ ድምፅ ከግድግዳው እየተመለሰ ጆሮዬን ሞላው። መኪናዋ ስትቆም፣ በር ሲከፈት፣ ቀዝቃዛ አየር ሲገባ ሰማሁ።

"መጣህ?" አለች እማዬ።

"መንገዴ ነው" አለ አባዬ።

ከዋሻው ስንወጣ ጋቢውን ገለጥኩ። ጉሙ ከኋላችን ቀርቷል። ከፊታችን መሬት የሚባል ነገር የለም፤ ተራራው እየተቆረጠ ወርዶ ወርዶ፣ ከሥር ሰማያዊ ቆላ ሆኖ ተዘርግቷል። መንገዱ ታች ድረስ እንደ ተበተነ ክር ይጠማዘዛል። እንደዚያ ያለ ነገር ዓለም ላይ መኖሩን አላውቅም ነበርና አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እማዬ ግን አላየችውም። አባዬም ማፏጨቱን ትቷል። ተኳረፉ ብዬ አዘንኩ፤ ይህን የመሰለ አገር ከፊታቸው ተዘርግቶ እንዴት ዝም ይላሉ? አሁን አውቀዋለሁ፤ ማፏጨት አላስፈለገውም። በከባድ ማርሽ፣ ሳይቸኩል፣ እንደ ድሮው ይወርድ ነበር። እማዬን ውሃ አልጠማትም። እግሯም አልደነዘዘም።

ከቁልቁለቱ መሀል፣ አንድ መታጠፊያ ላይ፣ አባዬ በራሱ ፈቃድ ቆመ። የእጅ ፍሬኑን ሳበና "እምነት፣ ታኮ!" አለኝ። የሾፌር ልጅ ነኝ፤ ታኮ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ትልቅ ድንጋይ ታቅፌ መጥቼ፣ ቁልቁለት ስለሆነ፣ ከፊት ጎማው ሥር ከፊት በኩል ወሸቅኩት። ጎንበስ ብሎ አየና "ጎበዝ" አለኝ። ከዚያ እጄን ይዞ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመ።

ከታች፣ ቁጥቋጦ መሀል፣ ጎኑ የዛገ፣ ከግማሽ በላይ ሐረግ የወረሰው እንደ ቤት ያለ ነገር ይታያል።

"እዚያ ማን ነው የሚኖረው?" አልኩት።

"እኔ ነበርኩ" አለ አባዬ። "ሁለት ዓመት እዚያ ነው የኖርኩት። ዛሬ ለቀቅኩ።"

አመንኩት። አባቴ ገደል ውስጥ የቆርቆሮ ቤት እንዳለው ለሰፈር ልጆች አውርቼ፣ ብዙዎቹ አምነውኝ ነበር። የተሳቢውን ታሪክ እስክሰማ ድረስ ያ ቤት በልቤ በርና መስኮት ነበረው።

ደብረ ሲና ስንደርስ ቆሎ ሻጮቹ መስኮታችንን ከበቡት። አባዬ ለሁላችን ቆሎ ገዝቶ፣ እግሩን ከመኪናዋ ወደ ውጭ አውጥቶ፣ እንደ ሾፌር ይቆረጥም ጀመር። እማዬ ግን ከአንድ ግድግዳ ጥግ ሄዳ አስመለሳት። ሮጬ ስደርስ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።

"መኪና አልስማማሽም?" አልኳት።

"አዎ" አለች አፏን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። "መኪና ነው። ለአባትሽ እንዳትነግሪ።"

ሰኞ ጠዋት አባዬ ጋቢ አላጠፈም። የጋሽ ጠሀን አይሱዙ ከጋራዥ አውጥቶ፣ ሸማ ተራ ጫፍ ላይ አቁሞ ጡሩምባውን ነፋ። ጋሽ ጠሀ ከሱቃቸው ወጥተው "ወገብህስ?" ብለው ሲጮሁበት ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። እማዬ አልወጣችም። ጥቅሎቹ መሀል ቆማ ለአንዲት ገዢ ነጠላ እያሳየች ነበር፤ ገዢዋ "ምነው ታለቅሻለሽ?" ስትላት "አቧራ ነው" አለቻት። አባዬ ከዚያ በኋላ ያን መንገድ ጡረታ እስኪወጣ ነዳው፤ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰበት ቆጥሮትም አያውቅ።

ይህ ታሪክ በቤታችን የእማዬ ታሪክ ነው። ሙሽሮች ልብስ ሊገዙ ሲመጡ ትነግራቸዋለች። "ባል እንደ ነጋዴ ነው" ትላቸዋለች፤ "ለመጥራት እስኪወስን አንገትሽን እንዳታዞሪ። እኔ ጣርማ በር ላይ፣ ልጄን መኪና ውስጥ ትቼ፣ አንዴም አላዞርኩ!" እኔም ምስክሯ ነኝ፤ ጨለማው እስኪውጣት አይቻታለሁ።

ዓምና አክስቴ ሠርኬ ልጇን ስትድር፣ እማዬ ለድግሱ ቀድማ ስለሄደች ሱቁን ዘግቼ አባዬን ይዤ ወረድኩ። እኔ ነኝ የምነዳው፤ እሱ ጋቢና ተቀምጦ ማርሼን ይተቻል። ዋሻው ውስጥ ስንገባ መብራት አበራሁ። ከመሀል ሳንደርስ አባዬ እጁን ዘርግቶ ከግድግዳው አንዱን ቦታ አሳየኝ።

"እዚህ ጋ ነበረች" አለ።

"ሄዳ ሄዳ?"

"ቆማ። ያኔ መብራት ሳበራ ፊቷ ወደኛ ነበር። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ነክሳ፣ ከግድግዳው ተለጥፋ፣ ወደኛ እያየች ታለቅሳለች። መብራቱ ሲያርፍባት እንደ ሌባ ደንግጣ ዞረችና መራመድ ጀመረች።"

ሃያ ምናምን ዓመት የነገድኩበት ሕግ ነው ዋሻው ውስጥ የፈረሰው።

"እሷ እኮ እስካሁን..."

"አውቃለሁ።"

"ለምን አልነገርካትም?"

"ሁለት ዓመት ሸማ ተራ ተቀምጫለሁ" አለ አባዬ፣ "የዞረችን ዝም ማለት እንደሆነ ሳልማር እቀራለሁ?"

ከሠርጉ በተመለስን በማግስቱ ሱቃችን ገዢ ሞልቶ ነበር። አባዬ ጋሽ ጠሀ ድሮ ይቀመጡበት ከነበረው የጋቢ ጥቅል ላይ ተቀምጧል። እማዬ አንዲት ሙሽራ ትከሻ ላይ ነጠላ እየሞከረች፣ በወሬዋ ዋሻው አፍ ላይ ደርሳለች።

"አንዴም አላዞርኩ!" አለቻት። "ጠይቂው ይኸው፣ እዚህ ተቀምጧል።"

ሙሽራዋ ወደ አባዬ ዞረች። እኔም ዞርኩ። አባዬ አንዴ እኔን አየኝ፤ ከዚያ እማዬን።

"እውነቷን ነው" አለ። "በዓይኔ አይቻለሁ። አላዞረችም።"